ተረትን ከሰባት ዓመት በላይ ማን ከለከለው?

በየመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ያልተጨበጠ ነገር ሲናገር፥ «ወንድሜ፥ ተረትህን ተወን» ይባላል። በየትምህርት ቤቱም አንድ ተማሪ የፈተናውን መልስ ሲስት፥ መምህሩ «ይህ ተረት ነው» ብሎ በቀይ ቀለም ይሠርዝበታል። እንዲህ እያልን «ተረት» የሚለውን ቃል የሐሰት ሁለተኛ ስም አድርገነዋል። እናቶቻችን ግን ቃሉን ለዚህ አላወጡትም። ማታ እሳት ዳር ተቀምጠው «ተረት ተረት» ሲሉ፥ ልጆቹም «የላም በረት» ብለው ሲመልሱ፥ በሁለቱ መካከል ውል ይታሰር ነበር። ተናጋሪዋ እውነት ነው ብላ አትምልም፤ ሰሚውም ሐሰት ነው ብሎ አይከስም። ውሸት ሰውን ለማታለል የሚነገር ነው፤ ተረት ግን ማንነቱን አስቀድሞ ገልጦ የሚመጣ ስለ ሆነ፥ ከብዙ ሪፖርት ይልቅ ታማኝ ነው ብል አንባብያን እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አለኝ።

ይህን ክርክር እንዳነሣ ያስገደደኝ አራዳ ላይ የገጠመኝ አንድ ነገር ነው። ባለፈው ግንቦት አንድ ቀን ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወጥቼ ቁልቁል ወደ ፒያሳ ስወርድ ዝናብ ያዘኝና ከአንድ ቡና ቤት ተጠለልሁ። ከጠረጴዛዬ አጠገብ የትምህርት ቤት ልብስ የለበሰች ልጅ አቀርቅራ በስልኳ ታነባለች። ያዘዘችው ማኪያቶ ሳይቀመስ ቀዝቅዞአል።

«ልጄ፥ ይህን ያህል የመሰጠሽ ምን ቢሆን ነው?» አልኋት።

«ልብ ወለድ ነው፥ ጋሼ። ስለ አንዲት ደብተራ የተጻፈ ነው» አለችኝ።

አንዲት ደብተራ! ሰዋስው የተሳሳተች መስሎኝ ላርማት ስል ስልኳን ወደ እኔ አዞረችው። ስሕተቱ የእርስዋ አልነበረም። መጽሐፉ ሎረን ብላክውድ የምትባል አሜሪካዊት ደራሲ እ.ኤ.አ. በ2021 በእንግሊዝኛ ያሳተመችው ነው፤ አርእስቱ ወደ አማርኛ ቢመለስ «በእነዚህ ክፉ ግንቦች ውስጥ» እንደ ማለት ይሆናል። ደራሲዋ ሻርሎት ብሮንቴ እ.ኤ.አ. በ1847 ያወጣችውን «ጄን ኤር» የተባለውን የታወቀ ልብ ወለድ ወስዳ፥ ኢትዮጵያን በሚመስል የምናብ አገር ውስጥ አስቀመጠችው። ዋናዋ ባለ ታሪክ አንድሮሜዳ ትባላለች። በግሪኮች ተረት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ እንደ ነበረች አንባብያን ያስታውሳሉ። ሥራዋ ከሰው ቤት ክፉ ዓይንን ማስወጣት ነው፤ በበረሓ ውስጥ ወዳለ ግንብ ሄዳ ለአንድ ወጣት ባለ ጸጋ ተቀጥራ ስትሠራ በፍቅሩ ትወድቃለች። እንግዲህ የእኛ ደብተራ፥ የእኛ ክታብ፥ የእኛ ቡዳ ባሕር ተሻግረው ሄደው የወጣቶች የፍቅር መጽሐፍ ሆነዋል ማለት ነው። ደብተራው በርግጥ ቅኔ የሚቀኝና ማሕሌት የሚቆም ሰው መሆኑ ቀርቶ፥ ከሁሉ በፊት መንፈስ አስወጪ ሆኖአል። በዚህ የጎጃም ሊቃውንት ቅር ቢላቸው አልፈርድባቸውም። ነገር ግን ደራሲዋን ከመውቀሳችን በፊት አንድ ጥያቄ እንመልስ፤ ባለቤቱ ከደጅ የጣለውን ዕቃ መንገደኛ ቢያነሣው፥ ነውሩ የማን ነው?

ልጅቱን፥ «አንቺስ ትጽፊያለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። ከብዙ ማመንታት በኋላ ነገረችኝ። በአማርኛ ጀምራ ነበር። ዛር የያዘውን ወጣትና እርሱን ለማስለቀቅ የምትሄደውን ልጅ ታሪክ በደብተር ስትጽፍ መምህርዋ ደረሰባትና ደብተሩን ወሰደባት። በክፍል ፊት አቁሞ፥ «የሰባት ዓመት ሕፃን ነሽን? ተረት ትጽፊያለሽ?» አላት። ገጹን ገልጦ ፍቅር መኖሩን ባየ ጊዜ ደግሞ፥ «ለዚህስ ገና ነሽ» ሲል ገሠጻት። ደብተሩ እስከ ዛሬ አልተመለሰላትም።

«አሁን በእንግሊዝኛ ነው የምጽፈው፥ ጋሼ» አለችኝ። «በአማርኛ ስጽፈው ተረት ተረት ይሉኛል፤ በእንግሊዝኛ ስጽፈው ግን ጎበዝ ይሉኛል።»

የመምህሩን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች እባካችሁ ጎን ለጎን አስቀምጡአቸው። ለተረቱ አርጅተሻል፤ ለፍቅሩ አልደረስሽም። እንግዲህ ይህች ልጅ ከሰባት ዓመት እስከ ዐሥራ ስምንት ዓመት ድረስ ምን ታንብብ? ምንስ ትጻፍ? የመምህሩ አሳብ የእርሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር አላነሣም ነበር። ነገር ግን ይህ የብዙ የተማሩ ሰዎች አሳብ ነው፤ በየመጻሕፍት ቤታችን መደርደሪያም ላይ በግልጥ ይታያል። በአንድ ወገን ጥንቸልና ጅብ የተሣሉባቸው የሕፃናት መጻሕፍት አሉ፤ በሌላው ወገን የዐዋቂዎች ልብ ወለድ አለ። በመካከል ያለው ስፍራ ጥቂት ነው፤ እርሱንም የያዘው አብዛኛውን ጊዜ የባዕድ ቋንቋ ነው።

ተረትን ከፍቅር ጋር አዋሕዶ ለወጣት ማቅረብ ከውጭ የመጣ ፈሊጥ ነው የሚሉ ሰዎች የራሳቸውን ሥነ ጽሑፍ ልደት ዘንግተዋል። በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ የቱ ነው? አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ያሳተሙት፥ በኋላ በባለ ታሪኳ ስም «ጦብያ» እየተባለ የታወቀው መጽሐፍ ነው። አርእስቱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ይል ነበርና፥ ዛሬ ለዘርፉ ሁሉ የምንሰጠው ስም ከዚያው የወጣ ነው። ታሪኩስ ምንድር ነው? አንድ የጦር አለቃ በጦርነት ይማረካል፤ መንታ ልጆች አሉት፥ ዋሕድና ጦብያ። አንድ ደግ ነጋዴ አባትየውን በገንዘቡ ያስለቅቃል። ወንድየው የነጋዴውን ውለታ ለመክፈል ወጥቶ ይጠፋል። ጦብያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባትዋ ጋር ፍለጋ ትወጣለች። የንጉሡ ዘመድ የሆነች ልጅ ጦብያን ወንድ መስላት ትወዳታለች። በመጨረሻ ንጉሡ ጦብያን ያገባል፥ ዋሕድም ያችን ልጅ ያገባል፥ አገርም ይታረቃል። ይህ ተረት አይደለምን? ፍቅር አይደለምን? ባለ ታሪኮቹስ ወጣቶች አይደሉምን? ዘመኑና አገሩ በእርግጥ ያልተወሰነ፥ መልክዋ ከሰው ሁሉ የበለጠ፥ መከራዋ በሠርግ የሚፈጸም ልጅ በየትኛውም አገር የተረት ልጅ ናት። (አፈወርቅ በኋላ ዘመናቸው ለጠላት ማደራቸው ሌላ ፍርድ የሚያሻው ነገር ነው፤ እዚህ የምንመዝነው ብዕራቸውን ነው።) መምህሩ ከተማሪዋ ደብተሩን ሲቀማ፥ ሳያውቅ የአማርኛን ልብ ወለድ ከእናቱ ማሕፀን ሲያስወርድ ነበር።

ተረት ሕፃን ብቻ የሚያስደስት ከንቱ ነገር ነው ለሚሉም የቲያትራችን ታሪክ ሌላ ማስረጃ ይሰጣል። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ፥ ከተማው ሁሉ አራዳን ማዕከል ባደረገበት ዘመን፥ «ፋቡላ፥ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ተውኔት ለመኳንንቱ አሳዩ። ተናጋሪዎቹ እንስሳት ነበሩ፤ ምንጩም የፈረንሳዊው የላ ፎንቴን ተረት ነው። ውጤቱ ምን ሆነ? ሹማምንቱ በአውሬዎቹ ውስጥ የራሳቸውን መልክ ስላዩ በንግሥት ዘውዲቱ መንግሥት ተውኔቱ ታገደ። ተረት ኃይል የሌለው የሕፃን ጨዋታ ከሆነ፥ እነዚያ ሁሉ ሽማግሌዎች ከአንድ ቀበሮ የተነሣ ለምን እንቅልፍ አጡ?

ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝ የሐዲስ ዓለማየሁ ነገር ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ አገር ሁሉ አደነቀው፤ ዛሬም መምህራን ተማሪዎቻቸውን ያስጠኑታል። ነገር ግን ያው ብዕር ከዐሥር ዓመት በፊት፥ በ1948 ዓ.ም.፥ «ተረት ተረት የመሠረት» የተባለውን የተረት መጽሐፍ ማውጣቱን ስንቱ ያስታውሳል? እኔ እንደሚመስለኝ ሁለተኛው ያለ መጀመሪያው አይነበብም። በዛብህን ተመልከቱት። ክፉና ደግ ሳይለይ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር የተሳሉት የብፅዓት ልጅ ነው፤ ያ ስእለት እንደ ጥላ ይከተለዋል፥ ሰብለ ወንጌልንም በወደደ ጊዜ ከፊቱ ይቆማል። በአውሮፓ ተረት በሕፃኑ አልጋ ላይ ጠንቋይ ቆማ የምትናገረው እርግማንና ስለ በዛብህ የተገባው ስእለት በታሪኩ ውስጥ የሚሠሩት ሥራ አንድ ነው፤ ሁለቱም ልጁ ያልፈረመበት ውል ናቸው። ልዩነቱ ሐዲስ መጨረሻውን በሠርግ አለመዝጋታቸው ነው። የተረትን አጥንት ያላወቀ ሰው፥ ያ መጨረሻ ለምን እንደሚያስለቅሰው እንኳ አያውቅም።

ታዲያ ተረትን ከሰባት ዓመት በታች አጥሮ ያስቀመጠው ማን ነው? አንዳንዶች በቴሌቪዥን ያሳብባሉ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው በዚሁ በፒያሳ አናት፥ በማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ ውስጥ ነበር። ተስፋዬ ሣህሉ፥ ሁላችንም አባባ ተስፋዬ የምንላቸው፥ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ለሕፃናት ተረት ያወሩልን ነበር። እኔ ግን በእርሳቸው ላይ ጣት አልቀስርም። እርሳቸው የድርሻቸውን ከበቂ በላይ ሠርተው በ2009 ዓ.ም. ዐረፉ። እንዲያውም በወጣትነታቸው ሴቶች ገና ወደ መድረክ ሳይወጡ የሴት ልብስ ለብሰው ይጫወቱ ነበርና፥ የጦብያን ምሥጢር ከእርሳቸው ይልቅ የሚያውቅ አልነበረም። ጥፋቱ አባባ ተስፋዬን ሰምቶ ለጨረሰው ልጅ ቀጣዩን ወንበር ሳናዘጋጅ የቀረነው የእኛ ነው።

ይህ ወንበር በቀድሞው ዘመን አላስፈለገም ይሆናል። አያቶቻችን ከተረቱ እግር ሥር ተነሥተው በቀጥታ ወደ ሙሽርነት ይሄዱ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ዕድሜውን ወደ 18 ከፍ አድርጎታል። መንግሥትና ትምህርት ቤት ተባብረው በሕፃንነትና በትዳር መካከል አዲስ ዕድሜ ፈጥረዋል። መልካም አድርገዋል። በዚህ ዕድሜ ያለች ልጅ ስለ ፍቅር ታስባለች፥ ግን አታገባም፤ ስለ ዓለም ትፈራለች፥ ግን ገና አልወጣችበትም። የሚያስፈራውን ነገር በዘንዶና በጭራቅ መልክ፥ የምትመኘውን ነገር በሩቅ አገር ልጅ መልክ ሊያሳያት የሚችል መጽሐፍ ካልሰጠናት፥ ማን ይስጣት? ሌሎች አገሮች ይህን ቀድመው ዐውቀውታል። «ቆንጆይቱና አውሬው» የተባለውን ተረት ዛሬ ዓለም በሚያውቀው መልክ እ.ኤ.አ. በ1756 አሳጥራ የጻፈችው ማዳም ደ ቦሞን በሎንዶን የልጃገረዶች አስተማሪ የነበረች ፈረንሳዊት ናት። ቤተሰቧ ወደማታውቀው ቤት የሰጣት ልጅ ምን እንደሚሰማት በአውሬ ምሳሌ ለተማሪዎችዋ ነገረቻቸው። አስተማሪ ነበረች እላችኋለሁ፥ መምህራን ሆይ!

«ነገር ግን ሥነ ምግባርስ?» የሚል ድምፅ ይሰማኛል። ይህን ተቃውሞ አልንቀውም። ዛሬ በእንግሊዝኛ የተረት ፍቅር ተብለው ከሚወጡት መጻሕፍት መካከል ለልጅ የማይገቡ አሉ። ሳራ ጄ. ማስ እ.ኤ.አ. በ2015 ከዚሁ ከአውሬው ተረት ተነሥታ የጀመረችው ተከታታይ መጽሐፍ በወጣቶች መደብ ወጥቶ፥ በኋላ አሳታሚው ራሱ ወደ ዐዋቂዎች መደብ አዛውሮታል። በሌላው ወገን ደግሞ ማሪሳ ማየር እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣችው «ሲንደር» አለ፤ የእንጀራ እናት የምታስጨንቃትን ልጅ ብረት ጠጋኝ አድርጎ ያቀረበ፥ ማንም ወላጅ ሳይሠጋ ለልጁ የሚሰጠው መጽሐፍ ነው። እንግዲህ መለየት ይገባል፤ የሚለይ ግን ያነበበ ሰው ነው። ሁሉን በአንድነት የሚከለክል ሰው ልጆቹን በስልካቸው ላይ ብቻቸውን ጥሎአቸው ይሄዳል፤ እዚያም ምንም የሚለይላቸው የለም።

ስለ ሥነ ምግባር ከተነሣ፥ የእኛ ተረት ከአውሮፓው የሚበልጥበትን አንድ ስፍራ ላሳይ። በአውሮፓው ተረት የእንጀራ እናት ሁልጊዜ ክፉ ናት። በእኛ አገር ከሚነገሩት ተረቶች አንዱ ግን እንዲህ ይላል። አንዲት ሴት የእንጀራ ልጅዋ አልወድሽም ቢላት አዝና ወደ ዐዋቂ ትሄዳለች፤ መስተፋቅር እንዲሰጣት ትለምናለች። ዐዋቂውም ከሕያው አንበሳ ጢም ነቅለሽ አምጪ ይላታል። ሴቲቱ ሥጋ እየጣለች፥ ቀን በቀን ጥቂት ጥቂት እየቀረበች፥ በመጨረሻ ጢሙን ታመጣለች። ዐዋቂው መድኃኒት አይሰጣትም፤ ወደ አንበሳው እንደ ቀረብሽ ወደ ልጁ ቅረቢ ይላታል። አንዳንዶች ይህንኑ ተረት በልጁ ፈንታ ባልዋን አድርገው ይነግሩታል። በየጋዜጣው ዳርና በየመንደሩ መስተፋቅር በሚቸበቸብበት አገር፥ ፍቅር በመድኃኒት እንደማይገኝ የሚናገር አስማተኛ ያለበት ታሪክ ይበልጥ የሚያስፈልገው ለማን ነው? ለአምስት ዓመት ሕፃን ነውን? ለዐሥራ ስድስት ዓመት ወጣት እንጂ!

ይህንንም ተረት በመጽሐፍ ለዓለም ያደረሱት እነማን ናቸው? ሁለት አሜሪካውያን፥ ራስል ዴቪስና ብሬንት አሽአብራነር፥ እ.ኤ.አ. በ1959 «የአንበሳው ጢም» የሚል አርእስት ሰጥተው አሳተሙት። ከእነርሱም በፊት ሃሮልድ ኩርላንደርና ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1950 «እሳት በተራራው ላይ» ብለው የኢትዮጵያን ተረቶች አሳትመዋል። እነርሱን እናመሰግናለን። እኛ ግን ከእነዚያ ተረቶች አንዱን እንኳ አሳድገን፥ ለወጣት የሚሆን ሦስት መቶ ገጽ ልብ ወለድ እንዲሆን አድርገን ለምን አልሠራነውም?

አሁን ደግሞ ፊቴን ወደ ወጣት ደራስያን ላዙር፤ ለእነርሱም ቢሆን ምርቃት ብቻ የለኝም። ከሚጽፉት መካከል በአማርኛ ፊደል የሚጽፉት በረዶን፥ ጥድ ደንንና ባለ ሹል ጣራ ግንብን ነው። በረዶው የወረደበትን አገር አያውቁትም፤ አንባቢያቸውም አያውቀውም። ግንብ ካስፈለጋቸው ጎንደር አለ። ዘንዶ ካስፈለጋቸው አርዌ አለ፤ በአክሱም ነግሦ ሕዝቡን ልጃገረድ ሲያስገብር፥ አጋቦስ ገድሎት በፈንታው ነገሠ የሚባለው። ስለ ንግሥት ማክዳና ስለ ሰሎሞን የሚነገረውም፥ ከንብረቴ ሳታስፈቅጂ አትንኪ የሚለው መሐላ፥ ቅመም የበዛበት እራት፥ ሌሊት የተጠጣው ውኃ፥ ማንም የአውሮፓ ተረት ጸሐፊ ቢያገኘው የማይለቀው ነው። ይህን ሁሉ የአዲስ አበባ ሠዓሊዎች በሸራ ላይ በየሣጥኑ ከፋፍለው ሲሥሉት ኖረዋል፤ በቸርችል ጎዳና ላይ ባሉት የስጦታ ዕቃ ሱቆችም ለቱሪስት ይሸጣል። ቱሪስቱ ገዝቶ ይሄዳል። ተማሪው በመስኮቱ ያልፋል።

ከሥልጣን ወንበር ላይ ላሉት ደግሞ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ለሥርዓተ ትምህርት ኃላፊዎች፥ «ጦብያ» በሥነ ጽሑፍ ታሪክ ምዕራፍ ውስጥ ዓመተ ምሕረት ብቻ ሆና ከምትቀር፥ ልጆቹ ራሳቸው ያንብቡአት፤ ቋንቋው ቢከብዳቸው ማብራሪያ ይጨመርበት። ለዚህ መጽሔት አዘጋጆች፥ በየወሩ ሁለት ገጽ ለተማሪዎች ልብ ወለድ ይከፈት፤ የኔን ክርክር ለማተም ስፍራ ከተገኘ ለእነርሱ አይጠፋም። ለመምህራንም፥ የተማሪ ደብተር ስትወስዱ መልሱ።

ወደዚያ ቡና ቤት ልመለስ። ዝናቡ አላባራም ነበርና ልጅቱን፥ በደብተሩ የነበረውን መጀመሪያ በአማርኛ እንድትነግረኝ ለመንኋት። የተወለደችው ዶሮ ማነቂያ ነው። በ2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ በተመረቀበት ሰሞን የፒያሳ ገጽታ ሲለወጥ፥ ሰፈሩ ፈረሰና ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ የከተማው ክፍል ተዛወሩ። የእርስዋም ቤተሰብ ሄደ፤ ትምህርት ቤቷ ግን እዚሁ ስለ ቀረ በየቀኑ በአውቶቡስ ትመላለሳለች። በታሪኩ ውስጥ ያለችው ልጅ የፈረሰውን ቤታቸውን ቁልፍ ሳትጥለው ቀርታለች። አንድ ማታ ቤቱ ከነበረበት ስፍራ ቆማ ቁልፉን ብታወጣ፥ ግድግዳ የሌለው በር ብቻውን ቆሞ ታያለች። ከበሩ ወዲያ የሰው ድምፅ ይሰማል። ሰፈሩ ሲበተን ዛሩ አልለቅህም ብሎት ወደ ኋላ የቀረ፥ ከቤተሰቡ ጋር ያልሄደ ልጅ ነው። ስሙን የሚያውቅ ሰው ካልጠራው ሊወጣ አይችልም። እርስዋም ስሙን ታውቀዋለች፤ ነገር ግን ሕፃን ሳሉ ተጣልተው፥ ሁለተኛ አልጠራህም ብላ ምላ ነበር።

«ከዚያስ?» አልኋት።

ሰዓቷን ተመለከተች። «አውቶቡሱ ያመልጠኛል፥ ጋሼ» አለችና ቦርሳዋን በራሷ ላይ አድርጋ በዝናቡ ውስጥ ሮጠች። ቀሪው ታሪክ በመምህሩ መሳቢያ ውስጥ ነው።